በርጩማው ከፊት ሐ፣ ከላይ ዐ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል
ከጅማ

ክቡር አዘጋጅ፣

እንቁጣጣሽ ሲቃረብ በየስልኩ የሚዘዋወር አንድ ዓይነት ፎቶ አለ። ከመስኮት፣ ከቅርንጫፍ፣ ከመብራት እንጨት ላይ ፊደል ተለቅሞ ይደረደርና «መልካም አዲስ ዓመት» ይላል። ሐሳቡ ያምራል። ችግሩ ጨዋታው ከላቲን ፊደል እንዳለ መወሰዱ ነው፤ የእኛን ፊደል ጠባይ ሳያውቁ ሲለቅሙ ክብ ነገር ሁሉ ዐ፣ የተመሳቀለ ነገር ሁሉ ተ ሆኖ ይቀራል። እኛ ጽሕፈት የምናስተምርና ፎቶ የምናነሳ ሰዎች ነን። ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ፣ የት ላይ እንደሚበላሽም ብንጽፍ ለአንባቢዎቻችሁ ይጠቅማል ብለን ይህን ልከናል።

መጀመሪያ ብርዑን፣ የመቃውን ብዕር፣ ማወቅ ነው። የመቃው ጫፍ ጠፍጣፋ ሆኖ ስለሚቆረጥ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ወፍራም፣ ወደ ጎን ሲሄድ ቀጭን መስመር ይጥላል። በቁም ጽሕፈት እግሩ ወፍራም፣ ማያያዣው ቀጭን የሚሆነው ለዚህ ነው። ከግንብም ሆነ ከዛፍ ፊደል ስትፈልጉ ቅርጹን ከማየታችሁ በፊት ይህን እዩ። ሁለት ቀጫጭን ቋሚ ላይ ግንድ የሚያህል አግዳሚ የተጫነበት በር በ አይሆንም፤ ሸክም የበዛበት ሰው ነው የሚመስለው። ለመለካት ከዐረብኛ ጽሕፈት የሚዋሱት ብልሃት አለ። በ940 እ.ኤ.አ. የሞተው የባግዳዱ ኢብን ሙቅላ ፊደልን በራሱ ብዕር ነጥብ መለካትን ሥርዓት ያስያዘ ሰው ነው፤ የመጀመሪያው የዐረብኛ ፊደል አሊፍ እንደ አጻጻፉ ዓይነት 5 ወይም 7 ነጥብ ይቆማል። ልጅ ሆኖ ሉሕ በሚባለው የቁርኣን መማሪያ ሰሌዳ ላይ በጥቀርሻ ቀለም አሊፍ የጻፈ ሰው በጅማ ሞልቷልና ነገሩ ለከተማው ባዳ አይደለም። ያንኑ ወደ ግእዝ ፊደል አምጡት። ያገኛችሁት ነገር የእግሩ ውፍረት በቁመቱ ውስጥ 4 ወይም 5 ጊዜ ከገባ ጽሕፈት ይመስላል። 10 ጊዜ ከገባ ሽቦ ነው፤ ተዉት።

ለመለማመድ የጅማን በርጩማ የሚያህል የለም። ከአንድ ግንድ፣ ብዙ ጊዜ ከዋንዛ፣ ተፈልፍሎ የሚወጣው ባለ ሦስት እግሩ ማለታችን ነው። ስልኩን ወለሉ አጠገብ አውርዳችሁ በመቀመጫው ከፍታ፣ ሳታዘነብሉ፣ አንዱን እግር መካከል ላይ አድርጋችሁ ብታነሱት ሐ ቁጭ ይላል፤ ሦስቱ እግሮች እኩል ተራርቀው ይታያሉ። በርጩማውን 30 ዲግሪ ያህል አዙሩት። ሁለቱ እግሮች ይደራረቡና በ ይሆናል። ሌላ 30 ዲግሪ ስታዞሩት ሐ ይመለሳል፣ አሁን ግን መካከለኛው እግር ከኋላ ስለሚሆን ትንሽ ቀጥኖ ነው የሚታየው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ይሻላል። ቆማችሁ ከአናቱ ስታዩት ደግሞ እግሩ ሁሉ ጠፍቶ መቀመጫው ዐ ነው። አንድ ዕቃ፣ ሦስት ፊደል። ከቆመ ሰው ዓይን ከፍታ፣ በሰያፍ ያነሱት እንደሆነ ግን ከበርጩማ ሌላ ምንም አይወጣውም፤ አብዛኛው ሰው የሚያነሳውም እንደዚያ ነው።

ከሕንፃ ብዙ የምታገኙት በ ነው። በግእዙ የፊደሉ ስም ራሱ «ቤት» ነውና አይገርምም። ጅሬን የሚገኘው የንጉሥ አባ ጅፋር ዳግማዊ ቤተ መንግሥት የእንጨት በረንዳና ሰገነት ያለው ስለሆነ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ንጉሡ ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የነገሡ ናቸው። በረንዳውን ከውጭ ማንሳት የሁሉም ልማድ ነው፤ ወደ ውስጥ ገብታችሁ ወደ ውጭ ብታዩ ግን ቋሚዎቹ በብርሃኑ ፊት ጠቁረው በ በ በ እያሉ ይሰለፋሉ። ሰማዩን በጣት ነክታችሁ ብርሃኑን ዝቅ አድርጉት፤ ኤችዲአር የሚባለውንም አጥፉት፤ ያለበለዚያ ስልኩ ጥላውን ላብራ ብሎ ቀለሙን አመድ ያደርገዋል።

ከበ አልፎ ወደ ሰባቱ የሚሄድ ሰው ማየት ብርቅ ነው። በአማርኛ 33ቱ ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ይመጣል፤ ሁሉን እጨርሳለሁ ያለ በለ ላይ ይቆማል። አንድ ፊደል ይዞ ሰባቱን መፈለግ ይሻላል። ካዕቡ በቀኝ እግሩ ወገብ ላይ ቅጥል፣ ማለትም ትንሽ ጭረት፣ አለው፤ ከበሩ መቃን በስተቀኝ ወጣ ብሎ የተሰካ አምፖል ቡ ያደርገዋል። ቅጥሉ ወደ እግሩ ሥር ሲወርድ ቢ ነው፤ በር እንዳይዘጋ የተቀመጠች ድንጋይ ትበቃለች። በዚያው ቦታ ቀለበት ካለ ቤ፤ አሮጌ ጎማ ወይም የተደገፈ ሰፌድ ይሆናል። ባ እና ቦ ደግሞ በተለይ የተዳፋት አገር ስጦታ ናቸው። ተዳፋት ላይ የተሠራ ቤት መሬቱ ወደ ቀኝ ከወረደ የቀኝ እግሩ ይረዝማል፣ ባ ነው። ወደ ግራ ከወረደ ቦ። አንዱን ቤት ከፊትና ከጓሮ ብታነሱት ሁለቱንም ይሰጣችኋል። ብ አስቸጋሪ ነው፤ ቅጥሉ በግራ ወገብ ነውና የግራ አምፖል ፈልጉ። በነገራችን ላይ የቆርቆሮው ቤት ጣሪያ በጎኑ ሲታይ ለ፣ ጉልላት የተተከለበት የሣር ክዳን ደግሞ ሰ ነው፤ ሁለቱን የሚለያቸው ያቺው አናት ላይ የቆመችው ናት።

እዚህ ላይ በብዛት የሚታየው ብልሽት ስልክ ወደ ላይ ማንጋጠጥ ነው። ከሥር ቆሞ ወደ ላይ ሲያነሱ ቀጥ ያሉ እግሮች ወደ አናታቸው እየተጠጋጉ ይሄዳሉ፤ በ ብለው የጀመሩት ወደ ለ ያዘነብላል። 2 ሜትር ለሚሆን በር 5 ወይም 6 ሜትር ራቁ፣ በ2 እጥፍ አጉሉ፣ ስልኩን በበሩ እኩሌታ ከፍታ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። በስልኩ መስታወት ላይ የሚወጣውን ፍርግርግ መስመር አብሩና የበሩን መቃን ከመስመሩ ጋር አስተካክሉ። በኋላ በኮምፒውተር ማቃናት ይቻላል፣ ግን ሲያቃኑት የእግሩ ውፍረት ከላይና ከታች ይለያያል፤ ብርዕ እንደዚያ አይጽፍም።

ጥላ ለብቻው ፊደል ይጽፋል፤ ሰዓቱን ግን ማወቅ ይፈልጋል። ጅማ ላይ ፀሐይ ከፍ ብላ የምትደርሰው ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ በሚያዝያ መግቢያና በነሐሴ ማለቂያ ደግሞ በቀጥታ አናት ላይ ስለምትሆን የቆመ ነገር ሁሉ ጥላው እግሩ ሥር ይጠፋል። በሁለቱ መካከል ባሉት ወራት ቀትር ላይ ብርሃኑ ከሰሜን ነው፤ የሰሜን ግድግዳ የተቀረጸውን ያሳያል። ከመስከረም እስከ መጋቢት ተራው የደቡቡ ነው። የጥላው ርዝመት ከዕቃው ቁመት ጋር የሚስተካከለው ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል አካባቢና ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አካባቢ ነውና የአጥርም የወንበርም ጥላ በልኩ የሚጻፈው ያኔ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ ጥላው እየተጎተተ እግሩ ክር ይሆናል።

ውሃም የራሱ አለው። ከሥሩ ረጋ ያለ ውሃ የያዘ ግማሽ ክብ ድልድይ ወይም ቱቦ ካገኛችሁ ቅስቱ በ፣ ነጸብራቁ ሀ፣ ሁለቱ ሲገጥሙ ዐ ነው። ነፋስ ከመነሳቱ በፊት፣ ጠዋት።

የቡና ፍሬ ጠፍጣፋ ጎኑ ወደ እናንተ፣ ስንጥቁ አግድም ሆኖ ሲቀመጥ ፀ ነው፤ ቀና ሲያደርጉት ወደ ወ ይሄዳል። ባልተቆላ ቡና ላይ ያለው ስንጥቅ ስስ ስለሆነ ብርሃኑን ከጎን አምጡት፤ የተቆላው ስንጥቁ ገርጥቶ ስለሚታይ ይቀላል። ሲኒ በጎኑ ሀ መሆኑን ልጅም ያየዋል።

ከተፈጥሮ ግን ዋናው ሐረግ ነው፤ ቃሉም እንደ ተክሉ በየቦታው ይጠመጠማል። በቡናው ጫካ ዛፍ ላይ የሚወጣው ሐረግ ነው። በብራናው ገጽ አናት ላይ ጸሐፊው የሚጥለው ጥልፍልፍ ጌጥም ሐረግ ነው። የዘር ሐረግም አለ። የብራናው ሐረግ ሕግ አለው፤ አንዱ ክር አንዱን ከላይ ካለፈ ቀጣዩን ከሥር ያልፋል። ጫካ ውስጥ ይህን የሚያከብር ተክል ስትፈልጉ ትደክማላችሁ፤ አብዛኛው አንዱን አቅጣጫ ይዞ ዝም ብሎ ይጠመጠማል። ሁለት ሐረጎች አንድ ግንድ ላይ ተቃራኒ ሆነው የወጡበትን ፈልጉ፤ መገናኛቸው ላይ ከላይና ከሥር መፈራረቁ ያኔ ይገኛል። ጫካው ጥላና ብርሃን ዥንጉርጉር ሲሆን መስመሩ ይጠፋልና ደመናማ ቀን ምረጡ። ከኋላው አንድ ሜትር ያህል ነጭ ጨርቅ ሌላ ሰው ዘርግቶ ይያዝላችሁ። ለማስተካከል ብሎ ሐረጉን መቁረጥ ነውር ነው። ጫካ ድረስ የማይሄድ የጓሮውን ዱባ ይይ፤ አጥር የምትይዝበት ቀጭን ክር ጫፉ ሲጠቀለል የሌ፣ የቤ፣ የሔ ቀለበት በየቀኑ አዲስ ይወጣል።

ሠዓሊው ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ፊደልን በሸራ ላይ ሰባብሮ ያስጨፍረዋል። ለሠዓሊ ይፈቀዳል። ፎቶ አንሺ ግን ያለውን ነው የሚያነሳው፤ እግር አስረዝሞ ወይም ቅጥል ጨምሮ «አገኘሁ» ማለት አይሆንም።

ወደ የዘር ሐረጉ እንለፍ፤ ጊዜ የማይሰጠው እሱ ነው። በየቤቱ ጽሕፈት አለ፦ የልጆች ልደት የተመዘገበበት የዳዊት የውስጥ ልባስ፣ «ለማስታወሻ ያህል» የሚል የፎቶ ጀርባ፣ ስም የተጠለፈበት የትራስ ልብስ። የእናት ወይም የአያት እጅ ቅጥሉን የት እንደምታሳርፍ የሚታየው እዚያ ነው። ጥልፉ በመስቀልኛ ስፌት ከሆነ ዐ አራት ማዕዘን፣ የሌ ቀለበት ደግሞ ካሬ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ስሕተት አይደለም፣ ክሩ ክብ ስለማያውቅ ነው። ጅማ በዓመት ወደ 1500 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚጥልባት ከተማ ናት። ሻጋታው ሰውን አይጠብቅም።

በመስታወት የተከደነ ፎቶ ከመስታወቱ ጋር ከተጣበቀ አትላቅቁት፤ ምስሉ ከወረቀቱ ተነስቶ መስታወቱ ላይ ይቀራል። እንዳለ በመስታወቱ ውስጥ አንሱት፦ ፍላሽ ጠፍቶ፣ መስኮት ከጎን ሆኖ፣ እናንተ ጥቁር ጨርቅ ከጀርባችሁ ሰቅላችሁ፣ የራሳችሁ ነጸብራቅ እንዳይገባ። የፎቶ ጀርባ ላይ ቀለሙ ጠፍቶ የእስክሪብቶው ጫና ብቻ ከቀረ ክፍሉን አጨልማችሁ ባትሪ ከወረቀቱ ጋር ሊነካካ እስኪቃረብ ዝቅ አድርጋችሁ ከጎን አብሩ፤ የተጫነው መስመር ጥላ ይጥልና ይነበባል። ፎቶ ቤቱ በማዕዘኑ ላይ የጫነው ማኅተምም በዚሁ ይወጣል። ስካነር ካለ 600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ይበቃል፣ ጀርባውንም አትርሱ። ላሚኔት ማስደረግ ግን ይቅር፤ እርጥበቱን አብሮ ነው የሚያሽገው። የአያት እጅ «ሠላም» ብላ በንጉሡ ሠ ከጻፈች እንደጻፈችው ይቅረብ፤ በሰ አታርሟት።

አሮጌ ፎቶ አንዳንዴ ተገልብጦ ይታተማል። ፊልሙ በጀርባው ገብቶ ነው። ከኋላ ያለው የሱቅ ጽሑፍ ግራ ቀኙ ከተቀያየረ ይታወቃል። ጽሑፍ ከሌለ የወንዱን ኮት ቁልፍ እዩ፤ የግራው ክፈፍ ከላይ መሆን አለበት። የዛሬው ስልክም በፊት ለፊት ካሜራው ይህንኑ ያደርጋል፤ እንደ መስታወት ገልብጦ የሚያስቀምጥ አለ።

ይህን ሁሉ ጽፈን ወደ እናንተ የምንመጣው ለዚህ ነው። አንባቢ የፊደል ፎቶ ሲልክላችሁ ገጹን ለማሳመር ግራውን ቀኝ አታድርጉት፤ ሰው ወደ ገጹ መካከል እንዲያይ ተብሎ ፎቶ የሚገለበጥበት ልማድ አለ። በሰው ፊት ላይ ላይታወቅ ይችላል። በፊደል ላይ ግን ተዳፋቱ ላይ ያለው ባ ቦ ሆኖ ይወጣል፣ ቡ ደግሞ ቅጥሉ ወደ ግራ ዞሮ ብ ይመስላል። ስትቆርጡም ከእግሩ በታች ትንሽ ቦታ ተዉ፤ እግሩ ከጠርዙ ጋር ከተቆረጠ ባ ይሁን በ ማን ይለየዋል? ከሥሩም ቦታውንና ሰዓቱን አትሙልን፤ ሌላው አንባቢ በማግሥቱ ሄዶ ያንኑ ጥላ ማግኘት እንዲችል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ጽሕፈት የምናስተምርና ፎቶ የምናነሳ የጅማ ነዋሪዎች