ስለ አንድ አንሶላና ስለ ፓውዛዎቻችሁ

ይድረስ ከከተማችን በላይ ያለውን ደን ለሚያስተዳድሩት ክቡር ኃላፊ

ክቡርነትዎ፣

ኅዳር ላይ ያስገባሁት ማመልከቻ «ለሚመለከተው ተመርቷል» ተባልኩ። ጥር ላይ ስመጣ ስብሰባ ላይ ነበሩ። መጋቢት ላይም ስብሰባ ላይ ነበሩ። እንግዲህ ስብሰባው እስኪያልቅ በአደባባይ ልጻፍልዎ።

የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ጥቅምት መግቢያ ላይ፣ አደይ አበባው ሳይረግፍ፣ 11 ተማሪዎችና ሁለት ወላጆች ሆነን የእሳት እራት ልናይ ወደ ደኑ ወጣን። መሣሪያችን በሁለት ጥዶች መካከል የተወጠረ ነጭ አንሶላና በባትሪ የምትሠራ አንዲት አምፖል ናት። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት እናበራለን፤ ያረፈውን ቆጥረን፣ ፎቶ አንስተን እናጠፋለን። መጀመሪያ አመድ የመሰሉ ደቃቆች መጡ፣ ቀጥሎ አንድ ጢንዚዛ አንሶላው ላይ ጧ ብሎ ወደቀ። ከዚያ መዳፍ የሚያህል፣ የኋላ ክንፎቹ ላይ ብርቱካናማ ዓይን ያለበት አንድ ትልቅ የእሳት እራት መጥቶ አረፈ። ልጆቹ ጸጥ አሉ። ክፍል ውስጥ እንዲህ ጸጥ ብለውልኝ አያውቁም።

የጥበቃ ሠራተኛው የደረሱት ያኔ ነው። አንሶላውን ነቅለው ወደ መንገዱ አወረዱንና «ደን ውስጥ መብራት ክልክል ነው፤ አውሬ ይረብሻል» አሉን። እሳቸው የታዘዙትን ነው ያደረጉት፤ አልወቅሳቸውም። ግን ይህን ሲሉን የሸሚዛቸውን ቁልፍ መቁጠር እችል ነበር፤ የቆምነው መሥሪያ ቤትዎ አምና ካስተከለው ፓውዛ ሥር ነበርና። ፓውዛዎቹ እስኪነጋ ይበራሉ፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ ጅብ እንጂ ሰው በማያልፍበት መንገድ።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ መጥተው ያውቃሉ? የጽዳት ሠራተኛዋ ከየምሰሶው ሥር ክንፍ እየጠረጉ ማዳበሪያ ይሞላሉ፤ ቁራ ቀድሞ የለቀመው ሳይቆጠር። ያ ክንፉ ላይ ዓይን ያለበት የእሳት እራት ምግብ የሚበላበት አፍ እንኳ የለውም። ትል ሳለ ባጠራቀመው ስብ ጥቂት ሌሊት ኖሮ፣ ተጓዳኝ ፈልጎ፣ ዘሩን ተክቶ ይሞታል። ሲበር ጀርባውን ወደ ብርሃን ይሰጣል፤ ብርሃን ማለት ለሱ ሰማይ ነው። ፓውዛው ከጎን ሲመጣበት ላይና ታቹ ይጠፋውና እዚያው ሲዞር ያድራል። የእሳት እራት ብለው ስም ያወጡለት አባቶቻችን ያዩት ኩራዝ ነበር።

ስለ አካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ የወጣውን አዋጅ ቁጥር 299/1995ን ለእርስዎ ማብራራት ድፍረት ይሆንብኛል። ፓውዛዎቹ ሲተከሉ ግምገማው ተሠርቶ ከሆነ አንድ ገጽ ያሳዩኝ። ካልተሠራ ቢያንስ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ያጥፏቸው።

አንሶላው የአንዲት ተማሪዬ እናት ነው፤ ጠርዙ ላይ ሰማያዊ ጥልፍ አለው። ልጠይቅ ብመጣ «የንብረት መረከቢያ ቅጽ አቅርብ» ተባልኩ። ሲወስዱት ቅጽ የሞላልኝ የለም።