እንዴት ጠፋ?

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፤ ኮምቦልቻ

እንደምን ከርመሃል? እማማስ፣ ልጆቹስ እንደምን ናቸው? እኔ ከገዋኔ ሙቀት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ከአራት ዓመት ዝምታ በኋላ የሚጻፍ ደብዳቤ በጤና ጥያቄ ብቻ ሊያልፍ አይገባውምና አስቀድሜ ያለብኝን ልናገር። አባትህ ያረፉ ጊዜ አልደረስኩም። ወሬውን የሰማሁት በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ስልክ ከማይሠራበት የግጦሽ መሬት ስመለስ ነው። ያን ዕለት መነሣት ነበረብኝ። ለአርባው እደርሳለሁ አልኩ፤ ለአርባው የእንስሳት ክትባት ሥራ ያዘኝ። ሙት ዓመቱ ሲደርስ ደግሞ ፊትህን እንዴት እንደማይ ጠፋኝ። እሳቸው እኮ ሁለት ዓመት ሙሉ በገዛ ቤታቸው እንደ ልጃቸው ያበሉኝ ሰው ናቸው። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ስልክ ደውሎ ምን ይላል እያልኩ ወሩ ወርን ሲወልድ እዚህ ደረስኩ። ይቅር በለኝ። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን።

ብዕር ያስነሣኝ ሞተሩ ነው። በአባትህ ግቢ፣ ከወይራው ሥር ሸራ ዘርግተን ብሎን በብሎን የፈታነው ያ ባለ 200 ሲሲ ሞተር ሳይክል ዛሬም ያገለግለኛል። በእሱ ላይ ሆኜ ያልደረስኩበት የፍየል መንጋ በዚህ ወረዳ ጥቂት ነው። ዘንድሮ ግን ከሚያዝያ መጨረሻ ጀምሮ መንገድ ላይ ይጠፋብኝ ጀመር። ጠዋት በመጀመሪያው እርግጫ ይነሣል፤ አርባ፣ ሃምሳ ደቂቃ እንደ ሄድኩ፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ፣ ዝም ይላል። ብረግጠው፣ ብገፋው አይሰማም። ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ጥላ ሥር ካስቀመጥኩት በኋላ ምንም እንዳልሆነ ሰው ይነሣል።

እዚህ ላለ መካኒክ ሦስት ጊዜ ወሰድኩት። ሦስቱንም ጊዜ መካኒኩ ጋ የደረሰው ደህና ሆኖ ነው። አንዴ ካንዴላ ቀየረልኝ፣ አንዴ ካርቡሬተሩን ፈትቶ አጠበው፣ በሦስተኛው “ቤንዚኑ ውሃ አለበት” አለኝ። አልፈርድበትም፤ ሕመምተኛው ሲስቅ የሚያየው ሐኪም ምን ያደርጋል? ገንዘቤም ትዕግሥቴም እያለቀ ሲሄድ ግን አንተ ሞተር ለሚያመጣልህ ሰው ሁሉ ከሁሉ አስቀድመህ የምታቀርባት ጥያቄ ትዝ አለችኝ። “ለምን ጠፋ?” አትልም ነበር። “እንዴት ጠፋ?” ትል ነበር። እያቃሰተ፣ እየተንገዳገደ ነው ወይስ መብራት እንደሚጠፋ በአንድ ጊዜ? ሰውየው መመለስ ካልቻለ መፍቻ አታነሣም ነበር። ያን ጊዜ ይህ ግትርነትህ ይገርመኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ አጠፋፉን ማዳመጥ ጀመርኩ። መጀመሪያ ያስተዋልኩት እያቃሰተ መጥፋቱን ነው። ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ሁለት ሦስቴ ይስላል፣ ነዳጅ ስጨምርለት ይብስበታል፣ ከዚያ ይጠፋል። እንዲህ ያለው ቤንዚን የተጠማ ሞተር ነው። የሚቀጥለው ቀን እንደ ጠፋ ከመርገጤ በፊት የነዳጅ ታንኩን ክዳን ከፈትኩት። ፍስስ ብሎ አየር ወደ ውስጥ ሲሳብ በጆሮዬ ሰማሁ። ክዳኑን መልሼ ጥቂት ጠብቄ ብረግጠው ተነሣ። ታንኩ ውስጥ ያለው ቤንዚን ሲቀንስ ቦታውን የሚሞላ አየር የሚገባባት በክዳኑ ላይ ያለችው ቀዳዳ በአቧራ ተደፍና ነበር። የዚህን አገር አቧራ ታውቀዋለህ፤ ከዱቄት የላመ ነው፣ ቤንዚን ሲነካው ደግሞ እንደ ጭቃ ይረጋል። በመርፌ ጠረግሁት፣ በቤንዚን አጠብኩት፣ አለቀ። ይህኛው ሕመም ከሙቀት ጋር ዝምድና የለውም። ሞተሩ አርባ ደቂቃ ያህል ከሄደ በኋላ ስለሚመጣና እኔ አርባ ደቂቃ የምሞላው ቀትር ሲቃረብ ስለሆነ ብቻ ፀሐይዋን ስወቅስ ከረምኩ።

ሁለት ሳምንት በሰላም ሄድኩ። ለመካኒኩም ሄጄ ነገርኩት፤ እሱም ደስ አለው። በሦስተኛው ሳምንት ወደ አየሉ ተራራ በሚወስደው በኩል፣ ከዋናው አስፋልት ሩቅ፣ እንደገና ጠፋ።

የዚያን ቀን ከኋላዬ ያሰርኩት ሣጥን ውስጥ ደስታ የተባለውን የከብት በሽታ የሚመስለው የፍየልና በግ ደስታ መሰል በሽታ ክትባት ነበር። ይህ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት አለበት፤ የሣጥኑ በረዶ ደግሞ ለግማሽ ቀን ያህል እንዲበቃ ተሰልቶ የተጫነ ነው። ፍየሎቹ ከሌሊት ጀምሮ ተሰብስበው እየጠበቁኝ ነው። የበረዶውን መቅለጥ እያሰብኩ በዚያ ፀሐይ መቆም ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ልነግርህ አልችልም። ውሃ አፍስሼበት ላቀዝቅዘው ሁሉ ዳድቶኝ ነበር። የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የሚያፈስሰውን ሰው አንተ እንዴት እንደምትቆጣ ባላስታውስ ኖሮ ሲሊንደሩን ሰንጥቄው ነበር።

ክዳኑን ከፈትኩ፤ ምንም ድምፅ የለም። እዚያው ቆሜ እንዴት እንደ ጠፋ አሰብኩ። ሳል የለም፣ መንገዳገድ የለም። በአንድ ጊዜ ጭጭ ነው ያለው፣ ልክ አንድ ሰው ቁልፉን እንዳዞረው። ሁለተኛ ሕመም መኖሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ለካስ ሁለት ደዌ በአንድ ልብስ ሲመላለሱ ኖረዋል።

ክዳኑን መልሼ ዘግቼ፣ የቤንዚኑን መንገድ ከመንካቴ በፊት፣ የያዝኩትን ትርፍ ካንዴላ ገመዱ ላይ ሰክቼ ከሞተሩ ብረት ጋር አስነክቼ ረገጥኩ። ቅደም ተከተሉን ሆን ብዬ እነግርሃለሁ፤ ብዙ ወጣት ቤንዚኑን መሬት ላይ አፍስሶ ከላዩ እሳት ሲፈትን አይቻለሁና። በቀትር ፀሐይ ደግሞ ብልጭታ አይታይም። በዚያ መንገድ ሲያልፉ ያገኙኝ አንድ የአፋር ሽማግሌ ሽርጣቸውን እንደ ድንኳን ይዘውልኝ በጥላው ውስጥ ተመለከትኩ። እሳት የለም። ደግሜ ረገጥኩ፤ የለም። ከዚያ የካርቡሬተሩን ማፍሰሻ ብሎን ፈታሁ፤ ቤንዚኑ ኩልል ብሎ ወረደ። እንግዲህ ቤንዚን አለ፣ እሳት የለም።

ሽማግሌው ዝም ብለው አልተቀመጡም። የአፋርን ዳጉ ሰምተሃል፤ ሰው ከሰው ሲገናኝ ወሬውን ከሥር ከመሠረቱ የሚለዋወጥበት ወግ ነው። ከየት ተነሣህ፣ ከመቆምህ በፊት ምን አየህ፣ ትናንትስ፣ ከትናንት ወዲያስ እያሉ ጠየቁኝ፤ አንዱን ሳልጨርስ ወደ ሌላው አላለፉም። አንተን የሚመስል ሰው በዚያ በረሃ አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም። በእርጥብ ጨርቅ መጀመሪያ ከታንኩ ሥር ያለውን፣ ለካንዴላው እሳት የሚልከውን ኮይል አቀዘቀዝኩ፤ ለውጥ የለም። ቀጥዬ ጨርቁን ጨምቄ የግራውን የሞተር ሽፋን ደጋግሜ ጠራረግሁት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ተነሣ። ያለ ጨርቅ ከግማሽ ሰዓት በታች ተነሥቶልኝ አያውቅም፤ ሞተር ሲቆም ነፋስ ስለማያገኝ ወዲያው አይቀዘቅዝም፣ እንዲያውም ለጥቂት ጊዜ ከውስጥ ወደ ውጭ ይግላል። ለፍየሎቹ ደረስኩ፤ በረዶውም አልጨረሰም ነበር።

በግራው ሽፋን ውስጥ፣ ከሚሽከረከረው ማግኔት አጠገብ፣ እሳቱ መቼ እንደሚሰጥ የምትጠቁመዋን ትንሿን ጥቅል ታውቃታለህ። የፀሐይ ኃይል መብራት ከሚተክል ልጅ መለኪያ ተዋስኩ። ጠዋት በቀዝቃዛው ስለካት ደህና ናት፤ ሁለት መቶ ኦም አካባቢ። ቀትር ላይ እንደ ጠፋ ስለካት መስመሩ የተቆረጠ ነው። እርግጠኛ ለመሆን ፈትቼ አወጣኋትና በፌስታል ጠቅልዬ ከፔርሙስ በቀዳሁት ፍል ውሃ ውስጥ አስገባኋት። የመለኪያው ቁጥር ጥቂት ከፍ እያለ ቆየና በድንገት ጠፋ። ሳወጣት፣ ሲበርድላት፣ ተመለሰ። ፀጉር የመሰለው የመዳብ ሽቦ አንድ ቦታ ላይ ተበጥሶ ኖሮ ሲቀዘቅዝ ጫፍ ለጫፍ ይነካካል፣ ሲሞቅ ይለያያል። ያን ምሽት አንተ ጎኔ ብትኖር ብዬ የተመኘሁትን ያህል በእነዚህ አራት ዓመታት ውስጥ ተመኝቼ አላውቅም። እንዲህ ያለ ነገር የሚያስደስተውን ሌላ ሰው አላውቅም።

አዲሷ ዕቃ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ እስክትመጣ ዘጠኝ ቀን ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት እየወጣሁ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ እመለስ ነበር። ከተገጠመች ወዲህ በ42 ዲግሪ ሙቀት እንኳ አልጠፋም።

አንድ ነገር ግን ቀርቷል፤ እሱ ያንተን እጅ የሚፈልግ ነው። ካንዴላውን ሳወጣ እንደ አመድ ነጥቶ አገኘሁት፤ ነዳጁ ከአየሩ አንሶ ሞተሩ ከሚገባው በላይ እየጋለ ማለት ነው። ወዲያው ትዝ አለኝ። ኮምቦልቻ ሳለን፣ በ1,850 ሜትር ከፍታ ጭስ ሲያበዛብን፣ ቤንዚን የምታሳልፈውን የካርቡሬተር ቀዳዳ ጠበብ ባለችው ለውጠህልኝ ነበር። እዚያ ልክ ነበረች። እዚህ 600 ሜትር አካባቢ ነው፤ አየሩ ይከብዳል፣ በጠባቡ ቀዳዳ የሚመጣው ቤንዚን አይበቃውም። የቀድሞዋን በጨርቅ ቋጥረህ “ቆላ ከወረድክ ትፈልጋታለህ” ብለህ ሰጥተኸኝ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ በመሣሪያ ሣጥኔ ሥር ተኝታ ኖራለች፤ አውጥቼ መለስኳት። አሁን ካንዴላው ቡናማ ሆኗል። ነገር ግን ለዓመታት በግለት የሠራው የጭስ መውጫ ቫልቭ የተጎዳ ይመስለኛል። የቫልቩን ክፍተት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ በመመሪያው ልክ አስተካክለዋለሁ፣ በሁለት ወር ውስጥ ይጠባል። እንደገና አሰፋዋለሁ፣ እንደገና ይጠባል። ቫልቩ መቀመጫውን እየበላ ወደ ላይ እየገባ ነው ብዬ እፈራለሁ። ሲሞቅ በደንብ ካልገጠመ ጉልበቱ እንደሚያመልጥና አንድ ቀን ጫፉ እንደሚቃጠል አንተው አስተምረኸኛል። ክፍተቱን ለጊዜው ሰፋ አድርጌ ልቀጥል ወይስ አሁኑኑ የሞተሩ ራስ ይከፈት? እዚህ ማንም እንዲከፍተው አልፈልግም።

በሐምሌ አጋማሽ የዓመት ፈቃዴን እወስዳለሁ። ሞተሩን በጭነት መኪና ጭኜ በሚሌ በኩል ልመጣ አስቤአለሁ። መጀመሪያ ግን ወደ መቃብራቸው ውሰደኝ፤ ብቻዬን ቦታውን አላውቀውም። ለእማማ በራሴ አንደበት ይቅርታ እስክጠይቃቸው ድረስ ስለ መምጣቴ አትንገራቸው፤ ወይም አንተ የተሻለ ነው የምትለውን አድርግ። የተበጠሰችዋንም ጥቅል ይዤልህ እመጣለሁ፤ ፔርሙሱን አንተ አዘጋጅ።

የቫልቩን ነገር በሁለት መስመርም ቢሆን ጻፍልኝ።

የሚወድህ ወንድምህ
ገዋኔ፣ ሰኔ