ካሜራው ከመምጣቱ በፊት ማመልከቻው ይግባ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የወጣት ፈጣሪዎችን ሥራ በጋዜጣም ሆነ በየቴሌቪዥን ጣቢያው ማየት ደስ ይላል፤ ይብዛ እንጂ አይነስ። የሚያሳስበን አቀራረቡ ነው። ማሽኑ ክዳኑ ተነሥቶ፣ ውስጡ በቅርብ ተቀርጾ፣ የሽቦው አጠማዘዝና የጥርሱ አሰካክ ሳይቀር ለአገር ከታየ በኋላ ፈጣሪው «ቀጥሎ ፓተንት ላወጣ ነው» ይላል። መቅደም ያለበት ማመልከቻው ነበር። ገንዘብ ያለው ሰው ይህን ስህተት በጠበቃ ሊያስተካክል ይሞክር ይሆናል፤ ገንዘብ የሌለው ግን ቅደም ተከተሉን ከመጠበቅ ሌላ መከላከያ የለውም።

ፓተንት ሌላ ሰው ፈጠራውን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ እንዳይሠራ የሚከለክል መብት ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት የሚሰጠውም ለአዲስ ፈጠራ ነው። ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት በየትኛውም የዓለም ክፍል በጽሑፍ፣ በቃል፣ በአጠቃቀም ወይም በሌላ መንገድ ይፋ የወጣ ነገር አዲስ አይባልም። የቴሌቪዥን ዝግጅት፣ የቲክቶክ ቪዲዮ፣ የኤግዚቢሽን ማሳያ፣ ቤተ መጻሕፍት የገባ የመመረቂያ ጽሑፍ ሁሉም ይፋ ማውጣት ነው። እርግጥ ሕጉ ፈጣሪው ራሱ ላሳየው ነገር የተወሰነ የእፎይታ ጊዜ ይሰጣል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ካመለከተ አዲስነቱ አይጠፋበትም። በእሱ ተማምኖ መዘግየት ግን አደገኛ ነው፤ ያየ ሰው አንድ ነገር ጨምሮበት ሊቀድም ይችላል፤ ሁለት ሰዎች ለየብቻ አንድ ፈጠራ ላይ ከደረሱ ደግሞ መብቱ ቀድሞ ያመለከተው ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን የኤሌክትሪክ ምጣድን እንውሰድ። «ኃይል ቆጣቢ ምጣድ ሠራሁ» የሚል ፈጣሪ ጥቂት አይደለም። አንድ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ይስባል እንበል። የመጀመሪያው ሊጥ ከመፍሰሱ በፊት 15 ደቂቃ ቢሞቅ 0.875 ኪሎ ዋት ሰዓት አንድም እንጀራ ሳይወጣ ሄዷል። ታዲያ ማሻሻያው የት ላይ ነው? የሸክላው ውፍረት ላይ? ከሥሩ ያለው የሙቀት መከላከያ ላይ? የሽቦው አቀማመጥ ላይ? ወይስ ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ክፍል ላይ? ፈጣሪው ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻለ ለማመልከት ገና ነው። ኃይል መቆጠቡ ውጤት ነው፤ ሕግ የሚጠብቀው ውጤቱ የመጣበትን አሠራር ነው።

ይህን ለማወቅ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ሙሉ ምጣድ አዲስ ከማሠራት ያለውን ምጣድ ወስዶ አንዱን ነገር ብቻ መለወጥ ይሻላል፤ ለምሳሌ ከሽቦው ሥር ያለውን ክፍተት ሮክ ዉል በሚባለው ሙቀት የሚከላከል የድንጋይ ጥጥ መሙላት (አስቤስቶስ ግን ለጤና ጠንቅ ስለሆነ በጭራሽ)። ከሶኬቱ ጋር ትንሽ የኃይል መለኪያ ቆጣሪ አገናኝቶ፣ ከአንድ ቡኾ በተወሰደ ሊጥ፣ በአንድ ቀን፣ በአሮጌውም በተሻሻለውም እኩል 20 እንጀራ ጋግሮ ንባቡን መጻፍ ነው። ሁለትና ሦስት ነገር አብሮ የለወጠ ሰው የትኛው እንደሠራለት አያውቅም፤ ማመልከቻው ላይም ትክክለኛውን ነገር አይጽፍም። ብዙ ጊዜ የሚበላሸውም የታወቀ ነው። ሽቦው የሚተኛባቸው የሸክላው ቦዮች ሲቀራረቡ አንድ ቦታ ከመጠን በላይ ይግላል፣ እንጀራው በዚያ ያራል፣ ሽቦውም እዚያው ይበጠሳል። እርጥበቱ ያልወጣለት ሸክላ ከመጀመሪያው በሙሉ ኃይል ከጋለ ይሰነጠቃል። የሚግለው የኒክሮም ሽቦ ኤሌክትሪክ ከሚያመጣው የመዳብ ሽቦ ጋር የተያያዘበት ቦታ ከላላ ይቃጠላል። እነዚህን ሁሉ ቀን እየጻፉ፣ ገጹ በተቆጠረ ደብተር ላይ መመዝገብ ያስፈልጋል፤ ደብተሩ በኋላ የማመልከቻው መግለጫ ይሆናል።

ከመሥራት በፊት ደግሞ ተመሳሳይ ፈጠራ አስቀድሞ መኖሩን መፈለግ አለ። ኢስፔስኔት፣ ጉግል ፓተንትስና ፓተንትስኮፕ የተባሉት የኢንተርኔት የፓተንት መዛግብት በነፃ ይከፈታሉ። «እንጀራ» የሚለውን ቃል ብቻ ፈልጎ «ምንም የለም» ማለት አያዋጣም፤ የፈረንሳይ ክሬፕ፣ የሕንድ ዶሳና የሜክሲኮ ቶርቲያ መጋገሪያ ሁሉ ከምጣድ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። መጋገሪያና መጥበሻ ዕቃዎች «ኤ47ጄ 37» (በላቲን ፊደል A47J 37) በሚባለው ዓለም አቀፍ የፓተንት ምደባ ቁጥር ሥር ይገኛሉ፤ በቁጥሩ መፈለግ የቋንቋውን ችግር ይፈታል። ተመሳሳይ ነገር መገኘቱም መርዶ አይደለም። የፓተንት ጥበቃ አገር በአገር ስለሆነ፣ በውጭ ተመዝግቦ በኢትዮጵያ ያልተመዘገበን አሠራር እዚህ መጠቀም አይከለከልም። አዋጁ እንዲያውም እንዲህ ያለውን ቴክኖሎጂ ወደ አገር አስገብቶ ሥራ ላይ ለሚያውል ሰው እስከ 10 ዓመት የሚደርስ የአስገቢ ፓተንት ያውቃል።

ብዙዎች ሳያስፈልጋቸው የሚሯሯጡት ለፓተንት ነው። ፓተንት 15 ዓመት ይቆያል፤ በአገር ውስጥ በአግባቡ ሥራ ላይ ለመዋሉ ማስረጃ ሲቀርብ 5 ዓመት ይጨመራል። ነገር ግን በሙያው ላለ ሰው በቀላሉ የማይታሰብ የፈጠራ ደረጃ ይጠይቃል። የተሻሻለ ምጣድ፣ የጤፍ መውቂያ፣ የቡና መፈልፈያ በአብዛኛው የሚስማማው የአነስተኛ ፈጠራ ማለትም የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት ነው። ይህን ደረጃ አይጠይቅም፤ 5 ዓመት ይቆያል፣ ሥራ ላይ ከዋለ ለሌላ 5 ዓመት ይታደሳል። አዲስነቱ ቅርጹና መልኩ ላይ ብቻ ከሆነ ደግሞ የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ ምዝገባ አለ። የሞባይል መተግበሪያ የሠሩ ልጆች ልፋታቸውን እዚህ ባያባክኑ ጥሩ ነው፤ የኮምፒውተር ፕሮግራም በፓተንት አይጠበቅም፣ መንገዱ የቅጂ መብት ነው።

ማመልከቻው ውስጥ ዋናው ክፍል ጥበቃ የሚጠየቅበትን ወሰን የሚያሰፍረው የይገባኛል ጥያቄ ነው። ብዙ መብት የሚጠፋው እዚህ ነው። «ኃይል የሚቆጥብ ምጣድ» ተብሎ ከተጻፈ ከመስፋቱ የተነሣ ውድቅ ይሆናል። «12 ቦይ ያለው፣ 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሸክላ» ተብሎ ከተጻፈ ደግሞ ጎረቤት 11 ቦይ አድርጎ ያመልጣል። የሚሻለው «ከጋጋሪው ሸክላ ሥር የሙቀት አንጸባራቂ ሳህን ያለው፣ ሳህኑም ከሽቦው በአየር ክፍተት የተለየ ምጣድ» ብሎ አሠራሩን ማስቀመጥ፣ ከዚያም በሁለተኛውና በሦስተኛው ጥያቄ ክፍተቱንና ውፍረቱን «ከዚህ እስከዚህ» እያሉ ማጥበብ ነው። ምሳሌው ለአጻጻፉ እንጂ አንጸባራቂ ሳህን ራሱ አዲስ ነው ለማለት አይደለም። ስዕሉ ላይ እያንዳንዱ ክፍል ቁጥር ይኑረው፤ መግለጫውም በዚያው ቁጥር ይጥራው። ለጠበቃ የሚከፈል ገንዘብ ጥቂት ከሆነ ሙሉ ማመልከቻ ከማስጻፍ ይልቅ ይህችን አንድ ገጽ ብቻ ማሳረም ያዋጣል።

ናሙናውን ብየዳ ቤት ወይም ቶርኖ ቤት ሲያሠሩ በሁለቱ ወገኖችና በሁለት ምስክሮች የተፈረመ የአንድ ገጽ የምስጢር ውል ይበቃል። ከተቻለ ክፍሎቹን ለተለያዩ ቤቶች ከፋፍሎ ሰጥቶ ራስ መገጣጠም ይሻላል። መርካቶ ምናለሽ ተራ የሚገኝ አሮጌ ላሜራና ኩሽኔታ ለመጀመሪያው ናሙና ከበቂ በላይ ነው፤ ቀለምና ውበት ገዥ ሲመጣ ይደርሳል። ተቀጣሪዎች ደግሞ የሥራ ውላቸውን ያንብቡ፤ በሥራ ግዴታ የተሠራ ፈጠራ ሌላ ስምምነት ከሌለ የአሠሪው ነው።

ሐሳብን በፖስታ አሽጎ ለራስ መላክ፣ ወይም ንድፉን በቅጂ መብት ማስመዝገብ ማሽኑን አይጠብቅም። የቅጂ መብት ሥዕሉን እንጂ በሥዕሉ መሠረት የሚሠራውን ዕቃ አይሸፍንም። የውድድር ሽልማትና የተሳትፎ ምስክር ወረቀትም እንዲሁ። አሜሪካ ያሉ አንባቢዎቻችሁ 12 ወር የሚቆየውን ጊዜያዊ ማመልከቻ ቢያውቁት ይጠቅማቸዋል፤ የይገባኛል ጥያቄ አይጠይቅም፣ ገቢያቸው ከተወሰነው ጣሪያ ለማያልፍና ሌላውንም መስፈርት ለሚያሟሉ አመልካቾችም ክፍያው በ80 በመቶ ይቀንሳል።

ከዝግጅት ክፍሎች የምንጠይቀው ትንሽ ነው። ዘጋቢው ቀጠሮ ሲይዝ «ለአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን አመልክተሃል? ማመልከቻው የገባበትን ቀን የሚያሳይ ወረቀት አለህ?» ብሎ ይጠይቅ። ከሌለው ቀረጻው ይቆይለት፤ መቆየት ካልተቻለም ክዳኑ እንደተዘጋ ይቀረጽ። እንጀራው ሲወጣና ቆጣሪው ሲነበብ ማሳየት ለተመልካቹ ይበቃል፤ የሽቦው አቀማመጥ ግን ማመልከቻው እስኪገባ አይታይ።

ከአክብሮት ጋር፣
የፓተንት ጉዳዮች ባለሙያዎች፣ አዲስ አበባ