ስለ ባለ ጃንጥላው ጋሼ

እህት ዓለም፣

ከተጠፋፋን ይኸው ስንት ዘመናችን! ደህና ነሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ዛሬም ግጥምና ዜማ እየሠራሁ ነው። ሌላውን ሁሉ ስንገናኝ እናወራዋለን። አሁን የጻፍኩልሽ ከአንቺ በቀር ማንንም ልጠይቀው የማልችለው ነገር ስላለ ነው።

ጎረቤታችን ጋሼ ትዝ ይሉሻል? በፀሐይ ጃንጥላ ዘርግተው የሚሄዱት፣ ዝናብ ሲመጣ ግን ገልብጠው አጥር ላይ ሰቅለውት ራሳቸው የሚበሰብሱት። ለምን ሲባሉ፣ ኮስተር ብለው "እሱም ይጠማዋል" ይሉ ነበር። ትልልቆቹ "ወፈፍ ያደርጋቸዋል" ብለው ያልፏቸዋል።

ሰሞኑን ዘፈን ልጽፍ ስቀመጥ እሳቸው ድቅን አሉብኝ። ጃንጥላው ብቻ ግን ዘፈን አይሆንም። አድማጭ ፈገግ ብሎባቸው ያልፋል፤ እኔ ደግሞ እንዲታለፉ አልፈልግም። ዘፈኑ ያለው ጋሼ ይጽፉባት በነበረችው ደብተር ላይ ነው። እርሳሷን በክር ከኮታቸው ቁልፍ ጋር አስረዋት ነበር። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ያስቆሙንና ባርኔጣቸውን አውልቀው "ዛሬ ምን አያችሁ?" ይሉናል። ከዚያ ይጠብቃሉ። አይቸኩሉም። የእርሳሷን ጫፍ ምላሳቸው ላይ ነካ አድርገው ያልነውን ይጽፋሉ። አንድ ቀን አንቺ "ጉንዳን የሞተ ጉንዳን ተሸክሞ ሲሄድ አየሁ" ስትያቸው፣ "ወዴት ወሰደው?" ብለው በቁም ነገር ጠየቁሽ። ውሸት ስንቀላቅልበት ደግሞ ደብተሯን ጥርቅም አድርገው ይዘጋሉ! በዚያ ዕድሜያችን የምንለውን የሚጽፍልን ትልቅ ሰው ሌላ ማን ነበረን?

አዝማቹ ያ "ዛሬ ምን አያችሁ?" የሚለው ጥያቄያቸው ነው፤ ምንም አልጨመርኩበትም። ስንኞቹን የወል ቤት በሚባለው የግጥም ምጣኔ ነው የምጽፋቸው፤ በየመስመሩ 12 ቀለም (የቃል ድምፅ ክፍል)፣ ስድስት ስድስት ሆኖ ይከፈላል። እርምጃው የእሳቸውን አካሄድ ይመስላል፤ ሄድ ብለው ቆም ይሉ የለ?

ጃንጥላን አጥር ላይ ዝናብ ያጠጣሉ፣
እሳቸው በስብሰው ልጅ ያዳምጣሉ።

ዜማው መጀመሪያ የመጣልኝ በግማሽ ትዝታ ነበር። እዚያ ቅኝት ላይ ከአምስቱ ድምፆች ሦስተኛውና አምስተኛው ከሙሉው ትዝታ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላሉ፤ ዘፈኑም ወዲያው ሆድ ያስብሳል። ጋሼ ግን የሚያሳዝኑ ሰው አልነበሩም። ቁጡ ነበሩ፣ ጠያቂ ነበሩ። ወደ ሙሉው ትዝታ ሳዞረው ዜማው ቀና አለ፤ እሳቸውን መሰለ።

ስማቸውን አላነሳም። ዛሬ "ይህን አልኩ፣ ያንን አላልኩም" ብለው መመለስ አይችሉም። ዘፈን ላይ መፍጠር ነውር እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የሁላችንም ሥራ ነው። የእሳቸውን ደግነት ግን ከልቤ ፈጥሬ ልጨምርበት አልሻም፤ የነበረው ይበቃል።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይኸውልሽ። ከደብተሯ አንብበውልሽ ያውቃሉ? አንቺ ከእኛ ሁሉ ይልቅ ትቀርቢያቸው ነበር፤ እኛ ሮጠን ስናልፍ አንቺ ደጃቸው ላይ ትቀመጪ ነበር። ደግሞ ጉንዳኑን ሁለተኛው አንጓ ላይ አስገብቼዋለሁ። ያንቺ ስለሆነ ካልፈቀድሽ አወጣዋለሁ። ሦስተኛው አንጓ ገና ባዶ ነው፤ የምታስታውሺውን ሳልሰማ አልሞላውም። ስልኬ አልተቀየረም፤ ደውይልኝ፣ ካልሆነም ጻፊልኝ።

ናፍቀሽኛል።