ስልኬ ለምን ዝም አለ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሰው አልተጎዳም፣ ከብቶቹም ተርፈዋል። ይህን ያስቀደምኩት ሌላውን ሳትደነግጪ እንድታነቢው ነው። ወንድምሽ ነገ ወረታ ስልክ ቻርጅ ሊያስደርግ ሲሄድ ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልክልሻል።

የዛሬ አሥራ አንድ ቀን ማታ እኛ ዘንድ ጠብ ያለ ነገር አልነበረም። ወደ ጉና ተራራ በኩል ግን ሰማዩ ሲያጓራ አመሸ። ርብና ጉማራ ወንዞች ከዚያው ስለሚነሱ እኔ አልተኛሁም። ሌሊቱን ንፋሱ እኛም ጋ ደረሰና ሁለት የመብራት ምሰሶ ጣለ። ጎህ ሳይቀድ ርብ ዳሩን ጥሶ ግቢ ገባ። ጣናም ሞልቶ ስለነበር ውሃው መሄጃ አጣ፤ አራት ቀን ተኛብን።

ጎተራው ተርፏል። አያትሽ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ከ1998ቱ ጎርፍ በኋላ በድንጋይ ከፍ አድርጎ የሠራው ነው። ያኔ አንቺ ጡት አልጣልሽም። ያኔ ሁላችንም ስቀንበት ነበር።

ቤት የፈረሰባቸው ጎረቤቶች በዕድሩ ድንኳን ናቸው። ጭቃውን በደቦ እየዞርን እየጠረግን ነው፤ ዛሬ የእኛ ተራ ነበር። የጉድጓዱን ውሃ አንነካም። የጤና ኤክስቴንሽኗ ክሎሪን ሰጥታናለች፣ እናትሽ ግን ቡናዬን አበላሸው ብላ ቀን በቀን ትጨቀጨቃለች።

ያስቸገረን መብራቱ ነው። የሚመለከታቸው ሰዎች «ነገ እንመጣለን» ካሉ ሰንብቷል። ለአምፖሉ ብዙም አልተከፋንም፤ ወፍጮ ቤቱ ቆመ እንጂ። እናትሽ ዶሮዎቹ የሚሰፍሩበትን የአያትሽን ወፍጮ ድንጋይ አጥባ፣ መጁን ከጓሮ ፈልጋ አመጣች። አሁን የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ተራ ይይዙበታል። ጎርፉ ሳያንሰን መዳፏም ውሃ ቋጥሯል። እየፈጨች ግን የድሮውን እንጉርጉሮ ጀምራለች፤ እኔ ከሰማሁት ሃያ ዓመት ያልፈዋል።

ባለፈው ስንነጋገር «ለምን ደጋ አትወጡም?» ብለሽኝ ነበር። የታችኛው ማሳ ሩዝ ጠፍቷል፣ አልዋሽሽም። ሩዝ እግሩ ውሃ ውስጥ ቢሆን አይጠላም፣ አናቱ ሲሰጥም ግን ብዙ አይታገስም። የላይኛው ቆሟል። ውሃው ሲሸሽ ጥቁር ደለል ትቶልናል፤ በዚያ እርጥበት ያለ ዝናብ ሽምብራና ጓያ እንዘራበታለን። ደጋ ብወጣ ይህን ከየት አገኛለሁ? ደጋውም ቢሆን ተራራው እስከ ጫፉ እየታረሰ አፈሩ ወደ እኛ ይወርዳል። የወንዙን ሆድ የሞላው እሱ ነው። ልጅ ሆኜ የምዋኝበት ጥልቅ ቦታ ዛሬ አሸዋ ሆኖ ፍየል ይቆምበታል። እዚያ ላይ እርከን ቢሠራ ለእኛ ከብር ይበልጥ ነበር።

ብር እልካለሁ ማለትሽ አይቀርም። ለቤት ዕቃ አይሁን። ያስቀመጥኩት የሽምብራ ዘር ረጥቦ በጆንያው ውስጥ በቅሏል፤ እናትሽ ለጥጆቹ ሰጠቻቸው። ለዘር የሚሆን ከላክሽ ይበቃናል። ቶሎ ይሁን፤ ጭቃው መሰንጠቅ ሳይጀምር መዝራት አለብኝ።

ማታ ማታ አትደውዪ፣ ስልኩን አጥፍቼ ነው የምቆጥበው። ጠዋት ከብቶቹን ሳወጣ እከፍተዋለሁ።

አባትሽ