ደብዳቤ ለልጄ፦ በግንባችን ሽበት ውስጥ ስለሚኖሩት

አሰላሙ ዐለይኩም ልጄ፣

እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናትሽ ወገቧ ተሽሏታል፤ አያትሽም መቼ ነው የምትመጣው እያለች ጠዋት ማታ ትጠይቀኛለች። ደሴ እንደምታውቂያት ናት፤ ጦሳ ጉሙን ተከናንቦ እስከ ረፋድ አይገልጥም።

ባለፈው በስልክ ያልሽኝ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። «ባዮሎጂ ደረሰኝ፣ ምን ላደርግበት ነው? የሚገኘው ሁሉ ተገኝቷል፤ የቀረ ካለም ትልልቅ ላብራቶሪ ላላቸው ነው» አልሽኝ። ሕክምና ትመኚ እንደነበር አውቃለሁ፤ ምደባው የወጣ ዕለት ያለቀስሽው ለቅሶ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ስለ ሥራና ስለ ደመወዝ ያነሳሽውን ስትመጪ ቁጭ ብለን እንነጋገርበታለን፤ እሱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። «የሚገኘው ሁሉ ተገኝቷል» ያልሽውን ግን ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም። በስልክ ቶሎ ቶሎ ከምነግርሽ ረጋ ብዬ ልጻፍልሽ አልኩ።

የግቢያችንን የድንጋይ ግንብ፣ የጣሪያው ውሃ በሚወርድበት በኩል ያለውን፣ ታውቂዋለሽ። ክረምት ላይ አረንጓዴ ለስላሳ ሽበት፣ በእንግሊዝኛ ሞስ የሚሉት ደቃቅ ተክል፣ ያለብሰዋል፤ ከጥቅምት ወዲያ ይደርቅና ሲነኩት ይፈረፈራል። የበልጉ ዝናብ ሳይጀምር ከዚያ ደረቅ ሽበት የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቁራሽ ላጥ አድርጌ በወረቀት ጠቀለልኩ። የቧንቧው ክሎሪን እንዳይጎዳው ብዬ በታሸገ ውሃ ፔትሪ ዲሽ በሚባለው ጠፍጣፋ የላብራቶሪ ሳህን ላይ ዘፍዝፌ አሳደርኩት። በማግስቱ እሑድ ላብራቶሪ ተረኛ ነበርኩ። ታካሚ ጋብ ሲል ሽበቱን ጨምቄ አወጣሁና ታች የቀረውን ዝቃጭ በፒፔት፣ በጠብታ መሳቢያዋ፣ ስቤ ስላይድ በምንለው የማይክሮስኮፕ መስታወት ላይ ጠብ አደረግሁት።

መጀመሪያ የታዩኝ ክር የሚያካክሉ ትሎች ናቸው። ዕድሜዬን በሙሉ የሰገራ ናሙና ሳይ ለኖርኩት ትል ብርቅ አይደለም። ቀጥሎ ግን 10 እጥፍ በሚያጎላው የማይክሮስኮፑ ሌንስ ስር አንድ ደንዳና፣ እግር ያለው ነገር ብቅ አለ። ሱብሃነላህ! ገላው ብርሃን ያሳልፋል፤ የበላው አረንጓዴ ነገር ሆዱ ውስጥ እንዳለ ይታያል። ከፊት ሁለት ጥቋቁር የዓይን ነጠብጣቦች አሉት። እግሮቹ አራት ጥንድ ናቸው፤ ሦስቱ ጥንድ ወደ ጎንና ወደ ታች፣ የመጨረሻው ጥንድ ወደ ኋላ፤ ሁሉም ጫፍ ላይ ጥፍር አለ። መስታወቱ ልሙጥ ስለሆነበት ስምንቱንም እግር ያንፈራግጣል እንጂ ፈቀቅ አይልም። አንድ የሽበት ቅጠል እየተንሳፈፈች ስትደርስለት ግን በኋላ እግሩ ጥፍር ቆንጥጦ ያዛትና ላይዋ ላይ ወጥቶ መንገዱን ቀጠለ። ወረፋ የያዘ ሰው በሩን እስኪያንኳኳ ድረስ ዓይኔን አልነቀልኩም።

ይህ ታርዲግሬድ ነው፤ የውሃ ድብም ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1773 ጀርመናዊው ቄስ ዮሐን ጎዘ ናቸው መጀመሪያ የገለጹት፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ጣሊያናዊው ስፓላንዛኒ አሁን የሚጠሩበትን ስም ሰጣቸው። አብዛኞቹ ከግማሽ ሚሊ ሜትር አይበልጡም። ነፍሳት አይደሉም፣ ትልም አይደሉም፤ የራሳቸው ፋይለም፣ ማለትም ራሱን የቻለ ትልቅ የእንስሳት ምድብ፣ አላቸው። እስካሁን ከ1,400 በላይ ዝርያዎች ተመዝግበዋል፤ በየዓመቱም አዳዲስ ይጨመራሉ።

ቲክቶክ ላይ «የማይሞተው እንስሳ» እየተባለ ሲዞር ሳታዪው አትቀሪም። እንዲህ ያለው ወሬ ያሳዝነኛል፤ እውነቱ ከወሬው ይበልጣልና። የእኛ ግንብ ሽበት ቀስ እያለ ሲደርቅ ውስጡ ያለው ታርዲግሬድም እግሮቹን ወደ ውስጥ ሰብስቦ ይኮማተራል። የገላው ውሃ ተሟጦ ከመቶ 3 እጅ ያህል ወይም ከዚያ በታች ይቀራል። አይበላም፣ አይተነፍስም ማለት ይቻላል። ውሃ ሲያገኝ በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ ይነሳል። በድንገት ካደረቁት ግን ይሞታል፤ ለመሰናዳት ጊዜ ይፈልጋል። በ1983 ከአንታርክቲካ የተሰበሰበ ሽበት በጃፓን በበረዶ ማቀዝቀዣ ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ በ2014 ሲቀልጥ ውስጡ የነበሩ ታርዲግሬዶች ነቅተው፣ አንዷ እንቁላል ጥላ ልጆች ተፈልፍለውላታል። በ2007 ደግሞ የደረቁ ታርዲግሬዶች ፎቶን ኤም 3 በተባለች ሳተላይት ጠፈር ደርሰው ተመልሰዋል። የሕዋውን ባዶነት ብዙዎቹ ቻሉት፤ ሙሉውን የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር የተጋፈጡት ግን ከጥቂቶቹ በቀር አልቀዋል። በደረቀበት ሁኔታ ይህን ሁሉ የሚችለው እንስሳ ሕያው ሆኖ ሲንቀሳቀስ ደካማ ነው። ራማዞቲየስ ቫሪዮርናተስ የተባለው ዝርያ በ37 ዲግሪ ውሃ ውስጥ አንድ ቀን ሲውል ግማሽ ያህሉ እንደሚሞት በ2020 የወጣ ጥናት አሳይቷል። የሰው ገላ ሙቀት ማለት ነው፣ ልጄ።

ሕክምና ለምትወጂው ለአንቺ ደግሞ ይህን ልጨምርልሽ። ከዚሁ ዝርያ ላይ የጃፓን ተመራማሪዎች ዲኤንኤን የሚሸፍን አንድ ፕሮቲን አግኝተው በ2016 አሳወቁ። በላብራቶሪ የሚያድጉ የሰው ሴሎች ይህን ፕሮቲን እንዲሠሩ ሲደረግ ኤክስሬይ በዲኤንኤያቸው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት 40 በመቶ ያህል ቀነሰ። ባዮሎጂና ሕክምና አጥር ለአጥር ናቸው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ካዙሃሩ አራካዋ የሚባል ሳይንቲስት ጃፓን ውስጥ ጹሩኦካ በምትባል ከተማ ይኖራል። ከተከራየበት አፓርታማ የመኪና ማቆሚያ ሲሚንቶ ላይ ትንሽ ሽበት አነሳ። ሩቅ አገር አልሄደም፣ ውቅያኖስ አላሰሰም፤ ሁልጊዜ የሚረግጠው ቦታ ነው። ከዚያ ሽበት የወጡትን ታርዲግሬዶች ላብራቶሪው ውስጥ አራባቸው፤ ዲኤንኤያቸውን ሲያይ ከሚታወቁት ከአንዱም ጋር አልገጠመም። ፖላንድ ውስጥ ካሉት ከዳንኤል ስቴትስና ከዉካሽ ሚሃልቺክ ጋር ሆነው በ2018 ማክሮባዮተስ ሾናይከስ ብለው አዲስ ዝርያ አሳወቁ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ያ መኪና ማቆሚያ ላይ ስንት ሰው ተመላልሷል!

ማየት ብቻ ግን ማግኘት አይደለም፤ ብዙ ሰው የማይረዳው እዚህ ላይ ነው። እኔ ያየሁት የትኛው ዝርያ እንደሆነ ለመናገር ያ አንድ ስላይድ አይበቃም። የጥፍሩን ቅርጽ፣ የአፉን ቱቦ ስፋት፣ በጉሮሮው ውስጥ ያሉትን ጠጣር ዘንጎች ቁጥርና ርዝመት በማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ) መለካት ያስፈልጋል፤ ያውም በብዙ ግለሰቦች ላይ። እንቁላሉ ደግሞ ለብዙ ዝርያዎች ዋናው መለያ ነው። የማክሮባዮተስ ሾናይከስ እንቁላል ዙሪያውን ዋንጫ የሚመስሉ ጉጦች አሉት፤ ከጉጦቹ ጫፍ እንደ ጸጉር የቀጠኑ ክሮች ይወጣሉ። እንስሳውን ብቻ አይቶ እንቁላሉን ያላየ ሰው ከዘመዶቹ ጋር ሊያምታታው ይችላል። በዚህ ላይ ዲኤንኤው ይነበባል፣ ከዚህ ቀደም የተጻፈው መግለጫ ሁሉ ይፈተሻል፤ ከዚያ አንዱ ናሙና ዋና ምስክር ሆኖ ሌላ ሰው መጥቶ ሊያየው በሚችልበት ስብስብ ውስጥ ይቀመጣል። ይህን ሁሉ የሚጠይቀው በቂ ምክንያት ስላለው ነው። ሚልኔዚየም ታርዲግራደም የተባለው በ1840 ከተሰየመ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ በየአህጉሩ የሚገኝ አንድ እንስሳ መስሎ ኖረ። ጥፍሩንና ቆዳውን በጥንቃቄ ሲያስተያዩት በዚያ አንድ ስም ስር ብዙ ዝርያዎች ተደብቀው ተገኙ።

አፍሪካ ከአውሮፓ ጋር ሲተያይ በታርዲግሬድ ረገድ ብዙ አልተጠናችም። እስቲ መንገዳችንን አስቢው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ በሀረጎ ቁልቁል ወርደሽ ኮምቦልቻ ስትደርሺ ወደ 1,850 ሜትር ትሆኛለሽ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በዚያች አጭር መንገድ ብርዱ ይለወጣል፣ ጉሙ ይቀራል፣ ዛፉ ይለወጣል። የጦሳ ጽድ ላይ ባለው ሽበትና ቦርከና ዳር ባለ ድንጋይ ላይ ባለው ሽበት ውስጥ የሚኖሩት አንድ ናቸው ወይስ ይለያያሉ? ይህ ጥያቄ ለመመረቂያ ጽሑፍ ይበቃል። ለመጀመሪያው ደረጃ የሚያስፈልገው ደግሞ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ውሃና የተማሪ ማይክሮስኮፕ ነው። ዲኤንኤው በኋላ ይመጣል፤ ለእሱ አብሮ የሚሠራ ሰው ይፈለጋል። አራካዋም ብቻውን አልጨረሰውም። አዲስ ዝርያ ታገኛለሽ ብዬ ቃል አልገባልሽም፤ ያንን ማንም ሊምል አይችልም። ከአንድ ቦታ የትኞቹ እንደሚኖሩ በትክክል መመዝገብ ራሱ ከዚህ በፊት ያልነበረ እውቀት ነው።

ስለዚህ የምልሽ ይህን ነው። ትምህርት ክፍሉን ከመቀየርሽ በፊት አንድ ሴሚስተር ስጪው። ስለ ደቃቅ እንስሳት የሚያስተምሩትን መምህር ቀርበሽ አናግሪያቸው። ፌዝ ኮንትራስት ያለው፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ነገርን አጉልቶ የሚያሳይ ማይክሮስኮፕ እንዳላችሁም ጠይቂልኝ፤ ጥፍሩንና የአፉን ቱቦ በተራው ማይክሮስኮፕ በደንብ ለማየት ያስቸግራል። እኔ እስከዚያ የወረቀት ፖስታ እያዘጋጀሁ ነው። ፕላስቲክ ውስጥ ሽበቱ ይሻግታል፤ ወረቀት ውስጥ ግን ቀስ ብሎ ይደርቃል። በየፖስታው ላይ ቦታውን፣ ቀኑንና ያደገበትን ነገር፣ ድንጋይ ይሁን ግንድ፣ እንጽፋለን። ስትመጪ ከጦሳ ጀምረን ኮምቦልቻ አክስትሽ ቤት ድረስ እየቆምን እንሰበስባለን፤ እናትሽም ምሳ አስይዣችሁ እሄዳለሁ ብላለች።

ከቨር ስሊፕ፣ ስላይዱ ላይ የሚከደነውን ስስ መስታወት፣ አንድ ፓኬት ከዚያ ገዝተሽ ያዢልኝ፤ እዚህ ጠፍቷል። ሽሮና ቆሎ ጁምዓ በሚመጣው ጎረቤታችን ተልኮልሻል፤ ሲደርስሽ ደውይ።

አባትሽ
ደሴ