ጆሮውን ይዞ ጠረጴዛ ሥር የሚገባ ልጅ ባለጌ አይደለም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ጅማ ውስጥ መዋዕለ ሕፃናት አስተምራለሁ። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ክረምት ላይ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ክፍል ውስጥ መደማመጥ የለም። አብዛኞቹ ልጆች እየጮሁ ይስቃሉ። አንዱ ግን ሁለት ጆሮውን ይዞ ጠረጴዛ ሥር ይገባል፤ በግድ ላውጣህ ካሉት ይነክሳል። ሌላዋ ሹራቧ አንገት ላይ የተሰፋችው ቁራጭ ጨርቅ እስክትነሳላት ታለቅሳለች። ተቃራኒውም አለ፤ ግድግዳ ካልገፋ፣ ካልዘለለ፣ ኮሌታውን ካላኘከ የማይረጋ። ሰፈሩ "ሞልቃቃ"፣ "ቅብጥብጥ" ይላቸዋል። ቀጥሎ አርጩሜ ነው።

እባካችሁ፣ እነዚህ ልጆች እያመፁ አይደለም። አእምሯቸው ድምፅን፣ ንክኪን፣ ብርሃንን የሚቀበልበት መንገድ ከሌላው ይለያል፤ ለእኛ ምንም ያልሆነው ነገር እነሱን ከልባቸው ሊያሳምማቸው ይችላል። አሜሪካዊቷ ዶ/ር ጂን አይረስ ይህንን ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሲያጠኑ፣ ከአምስቱ የስሜት ሕዋሳት ሌላ ውስጠኛው ጆሮ ስለሚሰጠን ሚዛንና ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ ስለሚመጣው ስሜትም አጥብቀው አስተምረዋል። ግድግዳ የሚገፋው ልጅ የሚፈልገው ያንን ይመስለኛል።

ሕክምናው ኦኩፔሽናል ቴራፒ ይባላል። ላየው ሰው ጨዋታ ነው፤ ዥዋዥዌ፣ መንጠላጠል፣ እጅን እህል ውስጥ ከትቶ ዕቃ መፈለግ። ባለሙያው ግን ልጁን እያየ ቀስ በቀስ ያለማምደዋል እንጂ አያስገድደውም። ተአምር ነው አልልም፣ "በወር አድናለሁ" የሚላችሁንም አትመኑ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2012 (እ.ኤ.አ.) እንዳለው ስለ ውጤቱ ያለው ማስረጃ ገና ውስን ነው፤ ከጀርባው ኦቲዝም ወይም ሌላ ነገር መኖር አለመኖሩ መጀመሪያ ይመርመር፣ ቴራፒውም ለልጁ ከሚደረገው ሌላ እርዳታ ጋር አብሮ ሊሰጥ ይችላል። ጸበል የሚወስድም ዱዓ የሚያስደርግም ወላጅ አለ፣ አልቃወምም፤ ሐኪም ጋም ይውሰዱልኝ ነው የምለው።

ግን የት? ወ/ሮ ዘሚ የኑስ በ2002 (እ.ኤ.አ.) የከፈቱት ጆይ የኦቲዝም ማዕከል ያለው አዲስ አበባ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያ ማሠልጠን መጀመሩ ደስ ይላል። የጅማዋ እናት ግን ተደጋጋሚ ክትትል ለሚፈልግ ልጅ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ እየተመላለሰች፣ ጉሊቷን ለማን ትታ፣ በየትኛው ገንዘብ ትችለዋለች? እዚህ ትልቅ ዩኒቨርሲቲና ትልቅ ሆስፒታል አለን። ለመነሻ አንድ የሠለጠነ ሰው፣ አንድ ክፍል፣ ፍራሽና ዥዋዥዌ ብዙ አይደለም።

እስከዚያው ክፍል ውስጥም የሚሠራ ነገር አለ። ያ ግድግዳ የሚገፋው ልጅ ጠዋት ጠዋት ከባዶቹን የጅማ በርጩማዎች ለጓደኞቹ እያነሳ ያድላል፤ እንዲህ ባደረገ ቀን ፊደል ስንቆጥር ረጋ ብሎ ይቀመጣል። ዝናብ ለሚያስፈራው ልጅ ሰማዩ ሲጠቁር "ሊመጣ ነው" ብዬ ቀድሜ እነግረዋለሁ፣ ጆሮውን በሻሽ እንሸፍናለን። አሁን ከጠረጴዛው ሥር ራሱ ይወጣል።

ዝግጅት ክፍሉ ባለሙያዎችን አነጋግሮ ሰፋ አድርጎ ቢጽፍበት፣ የከተማችን ትምህርት ጽሕፈት ቤትም ለመምህራን አጭር ሥልጠና ቢያዘጋጅ ብዙ ልጅ ከዱላ ይተርፋል። የኔ ክፍል ለማየት ለሚመጣ ሁሉ ክፍት ነው።

አንዲት መምህርት፣ ከጅማ